ሕፃናትን የሚያሠለጥን ወጣት ሥራ ፈት ነውን?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ከዚህ በታች የጻፍኩት አስተያየት በአንባቢያን ዓምድ ላይ ቦታ እንዲያገኝልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጽሑፉ ከመጠን ያለፈ መስሎ ቢታይዎ ማሳጠር የእርስዎ ሥልጣን ነው፤ ብቻ ስለ ሥራ ማመልከቻው ያነሣሁትን ክፍል እንዳይቆርጡብኝ አደራ እላለሁ።

እኔ ከሰበታ አልፎ በጅማ መንገድ ላይ በምትገኘው በተጂ ከተማ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ነገር እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ቀድሞ ያስተማርኩት አንድ የ22 ዓመት ወጣት፣ አንድ መሥሪያ ቤት ያወጣውን የሥራ ማስታወቂያ አይቶ ሊመዘገብ ሄደ። ሥራው የመዝገብ ቤት ረዳትነት ነው፤ የተጠየቀውም ትምህርት 12ኛ ክፍልን ማጠናቀቅ ነው። ማመልከቻውን የተቀበለው ጸሐፊ «የሥራ ልምድ» ከሚለው መስመር ሲደርስ ምን ሠርተህ ታውቃለህ ብሎ ጠየቀው። ወጣቱም ሦስት ዓመት ሕፃናትን እግር ኳስ ማሠልጠኑን ነገረው። ጸሐፊው ፈገግ ብሎ «እሱ ጨዋታ ነው፤ እኔ የጠየቅሁህ ሥራ ነው» አለና በቦታው ላይ «የለም» ብሎ ጻፈ። ከበታቹ ባለው መስመር ደግሞ «ሥራ ፈት» የሚል ጨመረበት።

ልጁ ማታ ቤቴ መጥቶ ይህን ሲያጫውተኝ አልተቈጣም፤ እንዲያውም ይስቅ ነበር። የተቈጣሁት እኔ ነኝ። ንዴቴ እስኪበርድልኝ ሁለት ሳምንት ቆይቼ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

ጸሐፊውን አልወቅሰውም። እኔም በእርሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ፣ ፊቴ የተዘረጋው ቅጽ ስለ ኳስ የሚናገር መስመር ስለሌለው፣ ያንኑ እጽፍ ይሆናል። የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ብዙዎቻችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ስለሆናችሁ እንደዚህ ያለው ቅጽ በየቀኑ በእጃችሁ ያልፋል። ስለዚህ ወቀሳዬን ትቼ፣ ያ «የለም» የተባለው ሦስት ዓመት በውስጡ ምን እንደነበረው ብነግራችሁ ይሻላል።

ስለ እስፖርት ጥቅም በተጻፈ ቍጥር የሚነሣው የተጫዋቹ ጉዳይ ነው። አካል ይጠነክራል፤ ከመጥፎ ሱስ ይርቃል፤ ይባላል፤ ይህም እውነት ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማራቶንን ማሸነፉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ስዊድናዊው አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መሆኑን የሚያውቅም አይጠፋም። ነገር ግን ማሠልጠን ለራሱ ለአሠልጣኙ ምን ያደርግለታል ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። የእኔ ነገር ይህ ነው። አንድ ወጣት ከእርሱ የሚያንሱ ልጆችን በኃላፊነት ተረክቦ ሲያሠለጥን፣ ለኑሮና ለሥራ የሚያስፈልገውን ዐዋቂነት በክፍል ውስጥ ከሰጠነው አብልጦ ያገኛል ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው መምህር ሆኜ ነው፤ ለራሴ ሙያ የሚያስመሰግን አነጋገር እንዳልሆነ ይገባኛል።

ወጣቱ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነበር። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት የጀመረው በዚያ ዙር ሲሆን፣ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ። እነዚህን ቍጥሮች ሁላችንም በጋዜጣ አንብበን በጊዜው አዝነናል። እንደ እኔ በትንሽ ከተማ ለሚያስተምር ሰው ግን ቍጥሩ መልክ አለው፤ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ በየሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል። ይህም ልጅ ከአስፋልቱ ዳር ካለች ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ወደ ቱሉ ቦሎ የሚያልፉትን አይሱዙዎች ይቈጥር ነበር። ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ልጁ አላፈረብኝም፤ ያፈረው በራሱ ነው።

አንድ ቀን ከገበያ ኳስ ገዝቼ ሰጠሁትና «ከ12 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ያዝልኝ» አልኩት። ምንም የረቀቀ አሳብ አልነበረኝም። ከዚያ በረንዳ እንዲነሣ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ 40 የሚሆኑ ልጆች መጡ። በሦስተኛው ሳምንት 11 ቀሩ። ወጣቱ ወደ እኔ መጥቶ «መምህር፣ ልጆቹ አይሰሙም፤ ሌላ ሰው ይፈልጉላቸው» አለኝ። እሑድ ጠዋት ሄጄ ከዳር ቆሜ አየሁ። ጠንካሮቹን መርጦ ያጫውታል፤ ደካሞቹን ኳስ አቀባይ አድርጎ ከዳር ያቆማል። ሲሳሳቱ ይሰድባል። ይህን ከማን እንደ ተማረው መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ በትምህርት ቤታችን ያሉትን አንዳንድ ክፍሎች ብትጎበኙ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ምክር መስጠቱን ትቼ፣ የቀሩት ልጆች ለምን እንደ ቀሩ ቤታቸው ሄዶ እንዲጠይቅ ብቻ ነገርኩት።

እርሱም ሄደ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የማያውቃቸውን ትልልቅ ሰዎች በር አንኳኩቶ ራሱን አስተዋወቀ። አንዲት እናት ከደጃፏ ላይ አቁማ «ልጄን ጠማማ እግር ያልከው አንተ ነህ?» አለችው። ነኝ ማለት ነበረበት። ይቅርታም ጠየቀ። በኋላ ሲነግረኝ፣ ከዚያ ደጃፍ እስከ ቤቱ ያለው መንገድ ያን ዕለት እጅግ ረዝሞበት እንደነበረ አጫወተኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያ ልጅ ተመልሶ መጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ዛሬ 26 ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ብዘረዝር ዓምዱ አይበቃኝም፤ ጥቂቱን ብቻ ላንሣ።

መዝገብ አበጀ። ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ነው፤ በግራ በኩል የልጁ ስም፣ ዕድሜና የወላጅ ስልክ፣ በቀኝ በኩል መምጣትና መቅረቱ ተጽፎበታል። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የቀረ ልጅ ካለ ቤቱ ይሄዳል። ይህን ማንም አላዘዘውም፤ ያለ መዝገብ ማን እንደ ጠፋ ማወቅ ስላቃተው ያመጣው ነው። እኔ በክፍል ውስጥ ስለ መዝገብ አያያዝ ሳስተምረው ያንቀላፋ እንደነበር በደንብ አስታውሳለሁ።

ገንዘብ ያዘ። ወላጆች በየወሩ 10 ብር ያዋጣሉ፤ የማይችል አይከፍልም። ወር በገባ በመጨረሻው እሑድ ይህን ያህል ገባ፣ ለኳስ ጥገና ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ቀረ እያለ በወላጆች ፊት ያነብባል። አንድ ጊዜ 30 ብር ጐደለበት። ከኪሱ ተካና መተካቱንም አነበበ። ወላጆቹ አጨበጨቡለት፤ እርሱ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

በሁለት ቋንቋ መናገር ግድ ሆነበት። ከልጆቹ የሚበዙት በቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው፤ የቀሩት አማርኛ ብቻ ነው የሚሰሙት። አንድ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ መስጠት ስላለበት ረዥም ንግግር ከንቱ መሆኑ ገባው። ዛሬ ሲያሠለጥን ብትሰሙት በአንዱ ቋንቋ ስድስት ቃል፣ በሌላው ስድስት ቃል ተናግሮ ፊሽካውን ይነፋል። እኔ ግን ከ10 ዓመት በላይ አስተምሬ ይህችን ጥበብ ገና አላገኘሁም፤ የዚህ ደብዳቤ ርዝመት ምስክሬ ነው።

በወንድሙ ላይ ፈረደ። ከልጆቹ ሁሉ ኳስ የሚያውቀው የገዛ ታናሽ ወንድሙ ነው። ዘግይቶ የመጣ ልጅ በጨዋታው መጀመሪያ አይሰለፍም የሚል ደንብ ከልጆቹ ጋር ተስማምተው አውጥተው ነበር፤ ከአስጎሪ ልጆች ጋር በሚጋጠሙበት ዕለት ወንድሙ ዘገየ። አላሰለፈውም። ቡድኑም 3 ለ 1 ተሸነፈ። እናቱ ሁለት ቀን አላነጋገረችውም። «መምህር፣ ባሰልፈው ኖሮ እናሸንፍ ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላ ማን በሰዓቱ ይመጣልኛል?» አለኝ። ዳኝነትን እንዲህ አድርጎ የሚያስተምር መጽሐፍ እኔ ዘንድ የለም።

አንድ ጊዜም አንድ ልጅ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ወጣቱ ልጁን እንዳለ አስቀምጦ፣ አንዱን ልጅ ወላጆቹን እንዲጠራ ልኮ፣ የቀሩትን ሰብስቦ ከጥላ ሥር ካስቀመጠ በኋላ የተሰበረውን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደው። አባትየው በድንጋጤ ሲመጣ፣ ወጣቱ ከበሩ ላይ ቆሞ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረው። መሸሽ ይችል ነበር፤ ዕድሜው ገና 20 ነበር።

ስለ ሜዳውም ልንገራችሁ። የበቾን ሜዳ የሚያውቅ ሰው አፈሩ መረሬ መሆኑን ያውቃል። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ ከዚያም ቀዬው ውኃ ያቁራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ልምምድ የሚሆንበት ደረቅ ቦታ የትምህርት ቤቱ ግቢ ብቻ ስለሆነ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት እንዲፈቀድለት ማመልከቻ መጻፍ ነበረበት። የመጀመሪያውን ማመልከቻ አራት ጊዜ አርሜ መለስኩለት። ሁለተኛውን አንድ ጊዜ አረምኩ። ሦስተኛውን ያየሁት ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ነው። ጉዳዩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የልጆቹን ብዛትና ኃላፊነቱን ማን እንደሚወስድ በግማሽ ገጽ አስፍሮታል። በየመሥሪያ ቤታችሁ የሚቀርቡላችሁን ማመልከቻዎች የምታነቡ ሰዎች፣ ይህን ያህል የጠራ ጽሑፍ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚገጥማችሁ እናንተው ፍረዱ።

እንግዲህ ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ ልመለስ። የመዝገብ ቤት ረዳት ምን ይሠራል? ስም ይመዘግባል፤ የጠፋውን ይፈልጋል፤ ሰዓት ያከብራል፤ ባለጉዳይ ሲቈጣ ይታገሣል፤ ወረቀት አስተካክሎ ይጽፋል። «የሥራ ልምድ፦ የለም» የተባለው ልጅ ከእነዚህ ያልሠራው የትኛውን ነው?

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ 50 ልጅ ለብቻቸው አያስተምሩም፤ ዳዊት የደገመው ታናሹን ንባብ፣ ንባብ የጀመረው ደግሞ ፊደል ቈጣሪውን ያስቀጽላል። ታላቁ ልጅ ታናሹን ሲያስቀጽል የራሱ ትምህርት እንደሚጠነክር ሊቃውንቱ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። እኔ ራሴ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያም ማታ ማታ የታናናሾቹ የመረብ ኳስ ቡድን በእኛ በታላላቆቹ እጅ ነበር። በ17 ዓመቴ አንዱን ሕፃን በፊሽካዬ ገመድ መታሁት። መምህራችን አልገሠጹኝም፤ ብቻ ለአንድ ሳምንት ከሕፃናቱ ጋር ተሰልፌ ሌላው ልጅ እንዲያሠለጥነኝ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ በማንም ልጅ ላይ እጄን አንሥቼ አላውቅም።

በአገራችን የእስፖርት ታሪክም ይህን የሚመስል እናገኛለን። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ገና በተማሪነት ዕድሜያቸው በ1928 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ጋር ኳስ መጫወት ጀመሩ። ከተጫዋችነታቸው ሳይወጡ ጓደኞቻቸውን አሠለጠኑ፤ የጨዋታ ሕግጋትን ወደ አማርኛ መለሱ፤ የእስፖርት ማኅበራትን አደራጁ። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ግብጽን፣ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ብሔራዊውን ቡድን በአሠልጣኝነት የመሩት እርሳቸው ናቸው። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ደግሞ የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ብዙ አገሮች ማስማማትና ደንብ ማስከበር፣ እኔ እንደማስበው፣ ገና በወጣትነታቸው 11 እኩዮቻቸውን በማሰለፍ የጀመሩት ነገር ነው። እኩያን መምራት ደግሞ ከሁሉ የሚከብድ መሆኑን የሞከረው ያውቀዋል።

የበቆጂውን መምህር ስንታየሁ እሸቱንም ሳላነሣ አላልፍም። እርሳቸው በአንዲት የአርሲ ከተማ የአካል ማጐልመሻ መምህር ሆነው ሳለ በእጃቸው ካለፉት ልጆች መካከል ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ የወርቅ ሜዳይ አጥልቀዋል። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን በእርሳቸው ምሳሌ አንድ ሥጋት አለኝ። ሰው ሁሉ አሠልጣኝን በወርቅ ሜዳይ ብቻ እንዲመዝን ያደርጋል። የእኛን ወጣት ካሠለጠናቸው ከ26ቱ ልጆች አንዱም ለብሔራዊ ቡድን ላይሰለፍ ይችላል፤ በተጂ ጭቃ ላይ ይህን መጠበቅ የዋህነት ይሆናል። ዋጋው ያለው በሌላ ቦታ ነው።

ማልዶ ወደ ሱሉልታ የወጣ ሰው ሯጮቹን አይቷቸው ይሆናል፤ አንዱ ከፊት ሆኖ ሌሎቹ በአንድ መስመር ይከተሉታል። ከፊት ያለው ልጅ ለራሱ ብቻ አይሮጥም፤ ከኋላው ያለውን የትንፋሽ ድምፅ እየሰማ ርምጃውን ይለካል። እኔ ይህን ባየሁ ጊዜ ያሰብኩት ስለ ሜዳይ አልነበረም፤ ያ ልጅ ነገ የአንድ ክፍል ኃላፊ ቢሆን ብዬ ነው።

ከጎረቤት አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። በናይሮቢ ማታሬ በሚባለው የድሆች ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተ የወጣቶች የእስፖርት ማኅበር አለ። በውድድሩ የሚካፈሉ ቡድኖች ነጥብ የሚያገኙት ጎል በማግባት ብቻ አይደለም፤ ሰፈራቸውን ከቆሻሻ ሲያጸዱም ነጥብ ይቈጠርላቸዋል። ማኅበሩን በአብዛኛው የሚያንቀሳቅሱት ወጣቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ ታናናሾችን በማሠልጠንና ሰፈርን በማገልገል የደከሙትም ነጥባቸው ተቈጥሮ የትምህርት ክፍያ እርዳታ ያገኛሉ። ልብ በሉ፤ እዚያ የወጣቱ ድካም ይቈጠራል፤ በመዝገብም ይጻፋል። እዚህ ግን «የለም» ተባለ።

አንባቢ «መምህሩ የሚያምረውን ብቻ መርጦ ነገረን» እንዳይለኝ፣ ያልሆነልንንም እናገራለሁ። የመጀመሪያው ልጅ ሲሳካልን ሁለት ወጣቶች ጨመርን። አንዱ ለኳስ የተዋጣውን 450 ብር ይዞ አዲስ አበባ ገባና ሁለት ሳምንት ጠፋ። ሲመለስ ብሩ አልነበረም። ጥፋቱ ግን ግማሹ የእኔ ነው፤ ሒሳቡን በየወሩ በሕዝብ ፊት እንዲያነብብ የመጀመሪያውን እንጂ እርሱን አላስገደድኩትም፤ አምኜው ነበር። ሌላው ልምጭ ይዞ ወደ ሜዳ የሚወጣ ሆነ። ሁለት ጊዜ መከርነው፤ በሦስተኛው አሰናበትነው። ወጣት ሁሉ ኃላፊነት ስለ ተሰጠው ብቻ ሰው ይሆናል ብሎ የሚያምን ካለ እኔ አይደለሁም። ስለዚህ አሁን ያለ ጓደኛ ብቻውን የሚያሠለጥን የለም፤ ከወላጆች አንድ ሰው በየተራው ከሜዳው ዳር ይቀመጣል፤ ከልምምድ በኋላም ከአሠልጣኝ ጋር ለብቻው የሚቀር ሕፃን የለም። ይህን የመጨረሻውን ደንብ ያቀረቡት አንዲት አያት ናቸው፤ ከሁላችንም ይልቅ አስተዋይ ሆነው ተገኙ።

ሌላም ክርክር ይነሣል። «ለመሆኑ ይህ እንጀራ ይሆናል ወይ?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉኝ። አይሆንም። ወጣቱ በሳምንቱ ቀናት ከእህል መጋዘን ጤፍና ሽምብራ እየተሸከመ ነው የሚኖረው። ማሠልጠን ሥራ አጥነትን ያስቀራል አላልኩም። የምለው፣ ሥራ በተገኘ ዕለት ሥራውን የሚችል ሰው አድርጎ ያቆየዋል ነው። ብዙዎቹ እኩዮቹ በዚሁ ሦስት ዓመት ውስጥ ሰዓት ማክበርን እንኳ ረስተዋል፤ ማንም የሚጠብቃቸው ስለሌለ። እርሱን ግን ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 26 ልጆች ቆመው ይጠብቁታል።

እንግዲህ የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም፤ ባጀትም አይጠይቅም። በየከተማው ያሉ የወጣቶችና እስፖርት ጉዳይ ሠራተኞች፣ በፈቃዳቸው ሕፃናትን የሚያሠለጥኑትን ወጣቶች ስም በመዝገብ ቢይዙ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ሜዳው ድረስ መጥተው ቢያዩ፤ ከዚያም ከዚህ ወር እስከዚህ ወር፣ ይህን ያህል ልጅ፣ ይህን ሥራ ሠርቷል የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ቢሰጧቸው። በየመሥሪያ ቤቱ ቅጥር የምትፈጽሙ ደግሞ ያ ደብዳቤ ሲቀርብላችሁ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ብላችሁ በልምድ መስመር ላይ ብታሰፍሩት። ለደብዳቤ ብቻ ብሎ የሚመጣ ወጣት ይኖራል የሚል ካለ፣ ይምጣ እላለሁ። በጭቃ ላይ ከ26 ሕፃን ጋር አንድ ክረምት ከቆየ ደብዳቤው ይገባዋል።

ሁለተኛው ልመናዬ ስለ ቦታ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከተሞች ጋር ተጣምረው ሸገር ከተማ ተብለዋል፤ ቤቱም መንገዱም ፋብሪካውም እየተስፋፋ ወደ እኛ አቅጣጫ ይመጣል። ልማቱን አልጠላም፤ ተማሪዎቼ የሚቀጠሩት እዚያ ነው። ነገር ግን የመሬት ካርታ የምታነሡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ባዶ መስሎ የሚታያችሁን ሜዳ ከመሸንሸናችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጥታችሁ እዩት። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ብትመጡ ከብት ብቻ ነው የምታገኙበት፤ በዚያ ሰዓት የተነሣ ፎቶግራፍም ክፍት ቦታ ብሎ ይመሰክርባችኋል።

ስለ ወጣቱ የጠየቁኝ ባልደረቦቼ ስላሉ የደረሰበትን ልጨርስ። የምዝገባው ጊዜ ገና አላለፈም። ልጁ ደብተሩን፣ የሒሳቡን ወረቀትና ትምህርት ቤቱ የጻፈለትን ደብዳቤ ይዞ በሚመጣው ሰኞ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ይመለሳል። ትምህርት ቤቱ ለክረምት እረፍት ስለሚዘጋ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሕፃናቱ የሰኞ ጠዋት ልምምድ ነበራቸው። ምናልባት ወረፋው ይረዝም ይሆናል ብሎ ልምምዱን ወደ 11 ሰዓት አዛውሮታል፤ መዛወሩንም ለ26ቱም ቤት ለቤት ዞሮ ነግሯል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
(ከተጂ)